የቁልፍ ሠሪው ግድግዳ

መስከረም 19 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ይህ ወረቀት በሁለት እግርህ ቆመህ ያግኝህ። እግር ብዬ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያቺ ግድግዳ የምትጋራህ ጎረቤትህ፣ አጣቢዋ፣ እግሯን ሰብራ ተኝታለች። አትደንግጥ፣ ደህና ናት። ከጉልበቷ በታች ጀሶ አድርገውላት ነጭ ግንድ የታቀፈች ትመስላለች እንጂ አፏ እንደሆነ ምንም አልሆነ፤ እንዲያውም የእግሯንም ሥራ ደርቦ ይዞታል። ልጅዋ ደግሞ አርግዛለች። ያቺ አንተ «መርፌ» የምትላት ቀጭኗ፣ አሁን መርፌነቷ ቀርቶ ድብልብል ብላለች። የቤት ኪራይ ተወዶባቸው ከነባሏ እናትየው ዘንድ ተጠቃለዋል። አስበው እንግዲህ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ የእናት ጀሶ፣ የልጅ ሆድ፣ የአማች ረጅም እግር፣ በላያቸው ደግሞ የሰው አንሶላ ተሰጥቶ። አጣቢዋ «ለመገላበጥ ተራ እንይዛለን» ብላ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀችኝ።

እንዴት ወደቀች ትለኝ ይሆናል። ጣጣው የሚጀምረው ካንተ ቤት ነው።

አንተ እያለህ ነገሩ ቀላል ነበር። ቦኖው ላይ ውሃ ሲመጣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ግድግዳዬን ሦስቴ እመታለሁ። ቀጥሎ ያለው ቤት ይሰማና የራሱን ይመታል፤ እንዲያ እንዲያ እየተባለ ከላይኛው ቤት እስከ ታችኛው ይወርዳል። በየቤቱ አንድ ሽማግሌ ወይ አንዲት አራስ አይጠፋምና የሚሰማ አናጣም። ጩኸት የለ፣ ሌላ ሰፈር ሰምቶ አይሻማን። መጨረሻ ቤት ያለው ሽማግሌው ግንበኛ ኳኳታው ሲደርሰው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ዳገቱን ይወጣና በሬ ላይ ቆሞ «ደርሷል» ይለኛል። ያኔ ነው ቦኖውን የምከፍተው። ማህበራችን ሲቋቋም መጀመሪያ የተስማማንበት ነገር እሱ ነው፤ ታች ሳይደርስ ላይ አይቀዳም። ለዚህም አይደል ሰውዬውን አባ ደርሷል ብለን የቀረነው።

አንተ ቤትህን ቆልፈህ ሰው አገር ከሄድክ ወዲህ ግን መሃል ላይ ግድግዳው ዲዳ ሆነ። አጣቢዋ ነበረች የምታሻግረው። በርጩማ ላይ ትወጣና በልብስ ማስጫው እንጨት በጣራህ ላይ ተንጠራርታ የወዲያኛውን ቤት ቆርቆሮ ትነርተው ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ከረመች። ባለፈው የበርጩማው እግር ቀድሞ ተሰበረ፣ የእሷም ተከተለ። ለእኛ ለሴቶቹ እንጨቱ አይደርስልንም፣ ወንዶቹ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው። አሁን ከነጀሶዋ ተቀምጣ ግድግዳህን ትመታለች። ለማን? ለአይጥ።

ታች ቤቶች ዘግይተው ሲመጡ ቦኖው አስሎ ያበቃል። ላይ ቤቶች «እስከመቼ እንጠብቅ» ይላሉ። ሰብሳቢነቱን ዘንድሮም የጫኑት እኔ ላይ ነው፣ ሁለቱም የሚጮኹት እኔ ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ የቤትህን ቁልፍ ላክልን። በሩን እንስበር ያሉ ነበሩ። እኔ እምቢ አልኩ። አንደኛ ማህበር የሰው በር አይሰብርም፤ ሁለተኛ የሰፈሩን ቁልፍ ሁሉ የሠራ ሰው ለራሱ የሠራውን ማን ይደፍረዋል?

ሁሉም በየስሙ ይስምሃል። አጣቢዋ «እግሬን ይየው በይው» ብላለች።

እህትህ፣ ልብስ ሰፊዋ


ጥቅምት 28 ቀን

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤና ከቤትሽ አይጥፋ፣ መርፌሽም ክር አይጣ። የአጣቢዋ ነገር አሳዘነኝ። ለወተት የምትሆን ትንሽ ነገር ወደ እናንተ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ልኬያለሁ፣ እንዳታካፍል ንገሪያት፤ ታካፍላለች።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው በር ጠባቂነት ነው። በሩ በራሱ ይከፈታል፣ በራሱ ይዘጋል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ መከፈቱን አያለሁ። እዚህ ቁልፍ የሚባል ነገር ቀርቷል ማለት ይቻላል። ሰው ካርድ ያሳየዋል፣ በሩም አምኖ ይከፍታል። ዕድሜዬን በሙሉ በር እንዳያምን ሳስተምር ኖሬ እዚህ መጣሁ።

ከመንገደኛው ጋር ደወል ልኬልሻለሁ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ያገኘሁት ነው፣ ከባድ ነው። በርሽ ላይ ስቀይው። ውሃ ሲመጣ አንድ ጊዜ ብትጎትቺው መጨረሻ ቤት ይሰማል፣ የማንም ግድግዳ አያስፈልግም።

ስለ ቁልፉ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። የደወሉ ድምፅ ጥሩ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 22 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

የቆምክበት በር ለበጎ ሰው እንጂ ለክፉ አይከፈት። አጣቢዋ ወተቱን አካፍላለች፣ እንዳልከው።

ደወልህም ደርሷል። ድምፁ ጥሩ ነው ያልከው ውሸት የለውም። እንዲያውም ትንሽ መጥፎ ቢሆን ይሻለን ነበር። ሰቀልኩት፣ ማክሰኞ ውሃ መጣ፣ አንድ ጊዜ ጎተትኩት። ምን አለፋህ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር መጣ፣ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያለው መጣ፣ አንዱማ በርሜል በጋሪ ጭኖ መጣ። እሳት የተነሳ መስሏቸው አሸዋ በባልዲ ይዘው የሮጡም ነበሩ። ከሁሉ የባሰው ተማሪ ቤቱ ነው። ደወሉን ሲሰሙ ልጆቹ የዕረፍት መስሏቸው ግር ብለው ወጡ፤ መምህሮቹ ተመለሱ ቢሏቸው ማን ሊመለስ። ቦኖዬን የከበበውን ሰው ብታየው፣ እኔ ራሴ ጀሪካኔን ለማስጠጋት ክርን መጠቀም ነበረብኝ። የኛዎቹ ታች ቤቶች ሲደርሱ ቧንቧው አየር እየተነፈሰ ነበር።

አባ ደርሷል በመጨረሻ መጣ። ሰዉን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶ ጀሪካኑን ደፌ ላይ በአፉ ደፍቶ ተመልሶ ወረደ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን አልወጣም። ውሃ የሚያስቀዳው የልጅ ልጁን ነው፣ እሷም አታናግረኝም፤ ተነግሯት መሆኑ ያስታውቃል፣ ምክንያቱም እያየችኝ ትስቅና ትዝ ሲላት ፊቷን ታጨማድዳለች።

ደወልህ ግን ከስሮ አልቀረም። የተማሪ ቤቱ ደወል ተሰንጥቆ ኖሮ ዳይሬክተሩ መጥተው በአክብሮት ለመኑኝ፣ ሰጠኋቸው። አሁን ልጆቹ በወጡ ቁጥር ይመርቁሃል፣ በገቡ ቁጥር ደግሞ የሚሉህን አልጽፈውም።

የግድግዳው ጥቅም አሁን ገብቶሃል መሰለኝ። ግድግዳ የሚነግረው ለጎረቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ላክልን፣ ወንድም ጋሼ። ቤትህን አንነካም፤ አንድ ሰው ወንበር ይዞ ይቀመጣል፣ ሲመታ ይሰማል፣ ይመታል፣ አለቀ። ታች ቤቶች የራሳችንን ማህበር እናቋቁም ማለት ጀምረዋል። ማህበር ሲከፈል ደግሞ አየሁት፤ የጋራ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሰላምታውም ነው የሚከፈለው።

እህትህ


ጥር 9 ቀን

ለእታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደወሉ ለልጆች መድረሱ ደስ አሰኝቶኛል።

ሌላ መላ አስቤያለሁ። ከአጣቢዋ መስኮት ተነስቶ በጣራዬ ላይ አልፎ እስከ ወዲያኛው ቤት ድረስ ቀጭን ሽቦ ወጥሩ። ጫፉ ላይ ባዶ ጣሳዎች አንጠልጥሉ፣ ውስጣቸው ጠጠር ይግባ። አጣቢዋ ሽቦውን ከተቀመጠችበት ትጎትታለች፣ ጣሳው ይንኳኳል። ሽቦው መሃል ላይ እንዳይረግብ በጣራዬ ጫፍ ያለውን ሚስማር መደገፊያ አድርጉት፤ ጠንካራ ሚስማር ነው፣ እኔ ነኝ የመታሁት።

ስለ ቁልፉ አስቤበት እጽፍልሻለሁ። አባ ደርሷልን አትቀየሚው፤ ጀሪካን የደፋ ሰው ሊያነሳው ይመጣል።

ወንድምሽ


የካቲት 1 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንደ ሚስማርህ ይጥና። መርፌ በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ካንተ ደወል ይበልጣል። አጣቢዋ ጀሶውን ፈትታ በዱላ ትሄዳለች፤ በርጩማ ግን ሐኪሙ ከልክሏታል። በዚያች ክፍል አሁን አራት ናቸው። አማቹ እግሩን ለመዘርጋት በሩን ከፍቶ ይተኛል።

ሽቦህን ወጠርነው፣ ጣሳውን ሰቀልነው። ሥራው ያምር ነበር። ግን ወንድም ጋሼ፣ ነፋስ የሚባል ነገር እንዳለ እንዴት ረሳኸው? ነፋስ በመጣ ቁጥር ጣሳው ይንኳኳል፣ ታች ቤቶች ውሃ መጣ ብለው ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ቦኖው ደረቅ። ነፋሱ አረፍ ሲል ደግሞ ድመቷ ትመጣለች። በመጨረሻ አባ ደርሷል ጉጠት ይዞ ወጣና ሽቦውን ቆረጠው። እኔም ጣሳዎቹን ለቃቀምኩ።

አሁን ቀልዱን ላቁመው። ሰሞኑን አንድ ደላላ መጥቶ የቤትህን ፊት በእርምጃው ሲለካ ታየ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ወሬው ግን ከእሱ ፈጥኖ ሮጠ። ቤቱን እየሸጠ ነው፣ ለዚህ ነው ቁልፉን የከለከላቸው ተባልክ። አይደለም አልኳቸው። እንዴት ታውቂያለሽ አሉኝ። ጠየቅኩህ ደወል ላክህ፣ ጠየቅኩህ ጣሳ ስቀሉ አልክ። ከቁልፉ በቀር ያልጠየቅኩህን ሁሉ ሰጠኸኝ።

ታች ቤቶች በመጋቢት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንወጣለን ብለዋል። አባ ደርሷል ቤቱ ድረስ ብለምነው ያለኝን እንደወረደ ልጻፍልህ፦ «አንድ ማህበር ማለት አብሮ የሚደርሰው ነው። እኔን የማይደርሰኝ ከሆነ የምን አባል ነኝ? ተመልካች ነኝ እንጂ።» አባባሉ ቁጣ አልነበረበትም፣ እሱ ነው የከበደኝ። ይህንን ማህበር ስንጀምር መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው፤ መጻፍ ስለማይችል በሲሚንቶ ጣቱ።

ልትሸጥ ከሆነ ንገረኝ። ካላመንከንም ንገረኝ፣ አልቀየምም፤ እቀየማለሁ ግን ይለቀኛል።

አጣቢዋ ግን ሌላ ነገር ትላለች። ትናንት ሕፃኗን እያባበለች «ያ ሰውዬ እኮ ቁልፉ ጠፍቶበት ነው» አለች። ሕፃኗ እስክትነቃ ድረስ ሳቀች። ቁልፍ ጠፋኝ ብለን ሱቅህ በመጣን ቁጥር ምን ትለን እንደነበር ታስታውሳለህ? ከመነጽርህ በላይ አይተኸን «ራስህስ አለ?» ትለን ነበር። ለእኔ ብለኸኛል፣ ለእሷ ብለሃታል፣ ለአባ ደርሷልማ በሰው ፊት ነው ያልከው። እውነት እሱ ከሆነ ለእኔ ብቻ ሹክ በለኝ። ለነፍስ አልናገርም። አጣቢዋ ቀድማ ስላወቀች እሷ አትቆጠርም።

እህትህ


የካቲት 21 ቀን

ለእታለም፤

ሕፃኗ ትደግ፣ ድምፅዋም አይዘጋ። ለአጣቢዋ እንዲህ በያት፦ ራሴ አለ። የጠፋው ቁልፉ ነው።

ደላላውን አላውቀውም። ቤት አልሸጥም።

ቁልፉ የጠፋው እዚህ እንደገባሁ ነው። የት እንደጠፋ ባውቅ ጠፋ አይባልም ነበር። ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ አለው፤ ቁልፍ ሁለት ካልሆነ ቁልፍ አይደለም እያልኩ ስንቱን ደንበኛ አስከፍያለሁ። ያንን ሁለተኛውን ግን የት እንዳኖርኩት ይኸው እስከ ዛሬ ትዝ አላለኝም። ምን ብዬ ልናገር? አፍሬ አንቺ ላይ ደወል ጫንኩብሽ።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማግስት የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ዘንድ ወረድኩ። ምድር ቤት ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ ያለው ጠረጴዛ አለው፤ ሞረድና ቁራጭ ነሐስ ለመንኩት። መጀመሪያ ሞረዱን ስጨብጥ እጄ ባዳ ሆነብኝ። ሁለት ቁራጭ አበላሸሁ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፈንኩና ቤቴ በር ላይ እንደቆምኩ አሰብኩ፤ ያኔ ጣቴ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ያውቃቸው ጀመር። የብረቱ ብናኝ ሲሸተኝ ሳላውቀው አፏጨሁ። ሠራተኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን በር ነው አለኝ። ለበሩ አይደለም፣ ለግድግዳው ነው አልኩት። ማስረዳቱ እስከ ምሳ ድረስ ወሰደብኝ፤ ሲገባው የራሱን ቡና ቀድቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የመሳቢያ ቁልፍ የጠፋባቸውን ነዋሪዎች ወደ እኔ ይልካቸዋል። ራሳቸው ይኑር አይኑር አልጠይቅም፤ ተምሬያለሁ።

ቁልፉ በዚህ ፖስታ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ደግሞም አስቤበታለሁ። ባዶ ቤት ቢከፈት፣ ወንበር ይዞ የሚቀመጠው ሰው ሁለት ቀን ተቀምጦ ሦስተኛውን ይሰለቸዋል። መርፌ ከነባሏ ከነልጇ ትግባበት። ሕፃን ያለበት ቤት አይተኛም፣ ኳኳታ አያመልጠውም። ኪራይ የለባትም። ኪራይዋ ግድግዳውን መምታት ነው።

ካልከፈተ ለማንም አትናገሪ፤ ሌላ እሞርዳለሁ።

ወንድምሽ


መጋቢት 10 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እጅህ ይባረክ፣ ትከሻህ ግን ይወቀስ። ለምን እንደሆነ ትደርስበታለህ።

ቁልፍህ የደረሰው የስብሰባው ዋዜማ ነው። ለማንም አትናገሪ ብለኸኝ ነበር፤ እኔም ለአጣቢዋ ብቻ ነገርኳት። ጠዋት በርህ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አገኘሁት። ላይ ቤቶች በአንድ ወገን፣ ታች ቤቶች በሌላ ወገን። አባ ደርሷል ከሁሉ ኋላ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወደ ቁልቁለቱ ዞር ብሎ።

ቁልፉን አስገባሁት። ሰተት ብሎ ገባ። ላዞረው ብል ግማሽ ሄዶ ቆመ። መለስኩት፣ ደገምኩት፣ ቆመ። አማቹ ሞከረ፣ እምቢ። የስፌት መኪናዬን ዘይት አምጥቼ አንጠባጠብኩበት፣ እምቢ። ላብ በላብ ሆንኩ። ከኋላዬ አንዷ «የተሳሳተ ቁልፍ ነው የላከው፣ ሆን ብሎ ነው» ስትል ሰማሁ። አባ ደርሷል ጉሮሮውን ጠረገና ለሰዎቹ እንውረድ አላቸው። መውረድም ጀመሩ።

ይኼኔ አጣቢዋ በዱላዋ መሬቱን መታች። «ቆዩ፣ ድምፁ ጎድሏል» አለች። ሁላችንም አፈጠጥንባት። «እሱ ሲገባ መጀመሪያ ጓ ይል ነበር፣ ከዚያ ነው ቀጭ የሚለው። ስንት ዓመት በግድግዳ ስሰማው የኖርኩት ነው። እናንተ ያለ ጓ ቀጩን ትፈልጋላችሁ።»

ገባህ አይደል? በርህ ወርዷል፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ቁልፉን ከማዞርህ በፊት በሩን በትከሻህ ከፍ ታደርገው ነበር፣ ራስህም ሳታውቀው። እጅህ ሁሉን አስታውሶ ትከሻህ ረሳ።

አማቹ ትከሻውን ሰጠ፤ ልጁ ረጅም እንጂ ወፍራም አይደለም፣ በሩ አልሰማውም። ያኔ ከኋላ «ዞር በል አንተ» የሚል ድምፅ መጣ። አባ ደርሷል ነው። ግማሽ ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ተመልሶ። «ይህን ደፍ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያኔም በሩ ይወርዳል ብዬው ነበር፤ መቼ ሰው ይሰማል» እያለ እያጉተመተመ ትከሻውን አስደገፈ። ጓ አለ። አዞርኩ። ቀጭ አለ።

እልል አላልንም፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ነው የለቀቅነው፤ እሱ ራሱ እንደ ነፋስ ነበር። ቤትህ አቧራ ነው እንጂ ደህና ነው። አልጋህ እንደተነጠፈ፣ ባርኔጣህ ወንበሩ ላይ። በሩ ኋላ ደግሞ፣ ወንድም ጋሼ፣ ሚስማር አለ። ጠንካራ ሚስማር ነው፣ አንተ ነህ የመታኸው። ሚስማሩ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ አጣቢዋ ቁልፉን በዱላዋ ጫፍ ነካ አድርጋ «ራስህስ አለ?» አለች። በቃ። ላይ ቤት ታች ቤት አልቀረም፣ ሰው እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ሳቀ። አባ ደርሷል ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «የሰፈሩን ቁልፍ ሁሉ ውጭ አድርጎ የራሱን ውስጥ ቆለፈበት» እያለ ይደጋግመዋል።

ሴቶቹ እዚያው መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ገቡ። መርፌ ኪራይዋ ምን እንደሆነ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ከዚያ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ሲመሽ አማቹ እግሩን ዘርግቶ በሩን ዘግቶ ተኛ።

ስብሰባው ላይ ግን አባ ደርሷል ተነስቶ፣ በሩ በመከፈቱ ደስ ብሎኛል፣ እኛ የጠየቅነው ግን በር ሳይሆን የሚደርስ ነገር ነው፣ ሲደርስ አይተን እንወስናለን አለ። ሰዉም ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ውሃው አልመጣም። ሁልጊዜ ስትፈልገው እንዲህ ነው። ደብዳቤውን ሳልዘጋ አቆየዋለሁ።


መጋቢት 14 ቀን

ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ መጣ።

የሰው ኮት እጅጌ እየገጠምኩ ሳለ ቦኖው ጎርጎር አለ። ኮቱን እንደያዝኩ ግድግዳዬን ሦስቴ መታሁ። ቀጣዩ ቤት ሲመታ ሰማሁ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም እንደ ሕልም ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለጆሮዬ ራቀ። ወጥቼ ቦኖው አጠገብ ቆምኩ። ላይ ቤቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ተሰለፉ። እጄ መክፈቻው ላይ ነው፣ አልከፈትኩም። አንዱ «ኧረ ክፈቺው፣ ሊሄድብን ነው» አለኝ። ሌላዋ እኔ ሳልመልስ ቀድማኝ ዝም በል፣ አልደረሰም አለችው። እሷ እኮ ባለፈው እስከመቼ እንጠብቅ ካሉት ዋነኛዋ ነበረች።

ጠበቅን። ዓይናችን ሁሉ መታጠፊያው ላይ። መጀመሪያ ቆቡ ታየ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ቀጥሎ ጀሪካኑ። ከኋላው ታች ቤቶች በሙሉ፣ የልጅ ልጁም መሳቅ ተፈቅዶላት እየሳቀች። እፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ሰዉን ሁሉ አየና፦

«ደርሷል» አለ።

ከፈትኩት። እኔ ማልቀሴን ያየ የለም፤ ውሃው ረጭቶኝ ነው ብያለሁ። ሁሉም ቀዳ፣ ወደ ታችም ወደ ላይም ሞልቶ ሄደ፣ ቦኖውም ሳያስል አደረ።

አመሻሹ ላይ አጣቢዋ መጥታ ነበር። ኳኳታው ቤትህን ሲያልፍ መርፌ ሕፃኗን እያጠባች በክርኗ መታችው አለችኝ፣ እጅ ባይኖራት። ሕፃኗም ጡቷን ለቅቃ አዳመጠች አለች፤ ይኼን እንኳ ጨምራበት ይሆናል።

እሷ ስትወጣ አባ ደርሷል ገባ። ጀሪካኑን ደፌ ላይ በደንብ በቂጡ አስቀመጠ። ታች ቤቶች የመውጣቱን ነገር እንደተዉት ሊነግረኝ ነው የመጣው፣ ግን በቀጥታ አልነገረኝም፤ የጋራ ድንኳኑ ተቀዷልና ስፊልን አለኝ። እሰፋለሁ አልኩት። ከዚያ ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው አለኝ። አሳየሁት። አንስቶ በመዳፉ መዘነውና ይኼ እኔ ዘንድ ይሰቀል፣ የቁልፍ ቦታ የጎረቤት ቤት ነው፣ ለሰውዬው ይህንን ንገሪው ብሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ልትፈቅድለት ይገባል፤ ባትፈቅድም አይቀበልህም።

ሊወጣ ሲል ወረቀቱን አየ።

«ለእሱ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ይኼ ሁሉ ምንድነው የጻፍሽለት?»

ስለ በሩ፣ ስለ ጓውና ስለ ቀጩ፣ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ዛሬው ውሃ አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ጀሪካኑን አነሳና ከበሩ መለስ ብሎ፦

«ሌላውን ተይው» አለኝ። «ደርሷል በይው፣ ይገባዋል።»